ኔትወርክ የጫኑ ግመሎች

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ተቀምጬ ነበር። ወጣት ሳለሁ የሠራሁበት የውጭ የቴሌኮም ካምፓኒ ኢትዮጵያ የገባበትን ዘመን ሲያከብር የድሮ ሠራተኞቹንም አስታውሶ ጠርቶን ነው። ከንግግሩ በኋላ መብራት ጠፋና ፊልም ታየ። ጥቁር የዓለም ካርታ ላይ መጀመሪያ አንዲት ነጥብ በራች፤ ቀጥሎ ጎረቤቷ በራች፤ ከዚያ ብርሃኑ ባሕር ተሻገረ፤ ብዙም ሳይቆይ አህጉሩ ሁሉ እንደ በጋ ሰማይ በነጥብ ተሞላ። ክሬን ታየ፣ ሄሊኮፕተር ታየ፣ ግድግዳው ሁሉ መስታወት የሆነ ዋና መሥሪያ ቤት ታየ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ፤ ግን ሳቄ አመለጠኝ።

አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት የሽያጭ ሠራተኛ ዞር ብሎ፣ "ምን አሳቀዎት?" አለኝ።

"ግመል የለበትም" አልኩት።

"ምን የለበትም?"

"ፊልሙ። ግመል የለበትም።"

ሙዚቃው አላናግር አለን፤ ወዲያውም እራት ቀረበና ተለያየን። ለዚያ ልጅ ልነግረው ጀምሬ የቀረሁትን ነው እዚህ የምጨርሰው።

ነገሩ የሆነው ሚሌኒየሙ በተከበረ ማግስት ነው። ደሴ ላይ አካውንቲንግ ተምሬ ወደ ተወለድኩባት ከሚሴ ተመልሼ ነበር። ያኔ ከሚሴ ሞባይል ገብቷል፤ ግን ከአውራ ጎዳናው ፈቀቅ ሲሉ ይጠፋል። የጨፋን ሜዳ ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው ከተማው ዳር ሲደርስ ባትሪ እንዳይጨርስበት ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ይከት ነበር። ከተራሮቹ ጀርባ ያለ ዘመድ ቢታመም፣ ቢሞት፣ ቢዳር፣ ወሬው የሚመጣው በገበያ ቀን በሰው አፍ ነው።

ካምፓኒው ከሚሴ ሲመጣ የአንድ ሐጂን ቤት የፊት ክፍል ተከራየ። ጠረጴዛ፣ ፋክስ፣ የውጭ አገር ስም የተጻፈበት ሰሌዳ፣ ደጃፉ ላይ አቧራ የጠገበ ፒክአፕ፤ ይኸው ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ማንጎና ሸንኮራ የሚሸጡት ሴቶች "ዓለምን ያዳረሰው ካምፓኒ ይሄ ነው እንዴ?" እያሉ ይሳሳቁ ነበር። እኔን የዕቃ ግዥና የትራንስፖርት ሠራተኛ አድርገው ቀጠሩኝ።

የቅርንጫፉ ኃላፊ ፕራካሽ የሚባል ሕንዳዊ ኢንጂነር ነበር። ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሥጋ በአፉ የማይዞር ሰው። ከሚሴ ደግሞ ሥጋ በል አገር ናት፤ የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ "ምን ይምጣልዎት?" ብሎ የሚዘረዝረው ሁሉ የበሬ፣ የፍየል፣ የበግ ነው። ሰውየው በሙዝና በዳቦ ሲከሳ እናቴ ሰማችና አዘነችለት። ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቃሪያ የተቆራረጠበት ሽሮና አንድ ኩባያ እርጎ ከቤታችን ይሄድለት ጀመር። ያን እየበላ ነው የካምፓኒውን ሥራ ያስተማረኝ።

እንደ ነገረኝ ከሆነ ካምፓኒው የተጀመረው በልብስ ሰፊና በብስክሌት ጠጋኝ መካከል በተጨናነቀች የሬዲዮ መጠገኛ ክፍል ነው። ሬዲዮ ከመጠገን የስልክ ማገናኛ ሣጥን ወደ መሥራት፣ ከዚያም ጎረቤት አገር ወደ መሸጥ አደገ። አሁን ለየአገሩ የስልክ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ምሰሶ ይተክላል፣ መሣሪያ ያቀርባል፣ የተበላሸውን ይጠግናል። "ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ከተማውን ይሻማሉ" ይለኝ ነበር እጁን በእርጎው ኩባያ ላይ አድርጎ። "እኛ ያደግነው እነሱ 'አይደረስም' ያሉት ቦታ ስለደረስን ነው።" ያኔ የመጽሐፍ ንግግር መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ራሱን በራሱ ቃል ያዝኩት።

በዚያ ዓመት በዞናችን ከሚተከሉት ምሰሶዎች አስቸጋሪው ጋራ ዲማ ላይ የሚተከለው ነበር። ጋራ ዲማ፣ ቀዩ ተራራ ማለት ነው፣ በጨፋ ሸለቆና በአፋር ቆላ መካከል የተገተረ ነው። ጫፉ ላይ ምሰሶ ከቆመ ከጀርባው ያሉ ቀበሌዎች ሁሉ ስልክ ያገኛሉ። ታላቅ እህቴ ዘሀራ የተዳረችው እዚያ ነው። ከዓመት በፊት ምጥ ሲይዛት የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው እየተቀባበሉ አወረዷት። ከሚሴ ስትደርስ የጤና ጣቢያው መኪና ደጁ ላይ ቆሞ አየነው። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነበር፤ የሚጠራው ሰው ስላልነበረ። ዘሀራ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። አሁን ደግሞ እንደገና እርጉዝ ነበረች። ስለዚህ ለእኔ ጋራ ዲማ የሥራ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

የምሰሶው መሠረት ሲሚንቶ በአህያ ተጭኖ፣ ውሃ ከምንጭ ተቀድቶ፣ በበጋው ተሠርቶ አልቋል። ብረቱና መሣሪያው ሊወጣ ሲል ግን የበልጉ ዝናብ መጣ። ጨፋ ላይ ያ ዝናብ ደስታ ነው፤ ማሽላው ይበቅላል፣ ሜዳው በአንድ ሳምንት አረንጓዴ ይለብሳል። እኛን ግን ጎዳን። ወደ ተራራው የተጠረገው መንገድ ከወገቡ ላይ ተደርምሶ ገደል ገባ። ክረምቱ ሳይገባ የሚጠግነው ማሽን አልተገኘም።

ስልኩ ከአዲስ አበባ ሲደወል እኔ ጠረጴዛው አጠገብ ነበርኩ። ፕራካሽ ብዙ ሰማ፣ ጥቂት ተናገረ። ከዘጋ በኋላ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

"ጋራ ዲማ ተሰርዟል" አለኝ። "ብረቱን ወደ ሌላ ዞን የሚወስዱ መኪናዎች ፈልጊ። የበጀት ዓመቱ ከማለቁ በፊት ሥራ ያልጀመረ ምሰሶ እንዳልተተከለ ይቆጠራል። ቀጣዩን የሥራ ውል የሚያገኘው ደግሞ የተሰጠውን የጨረሰ ነው።"

"እኛ ካልተከልነው ማን ይተክለዋል?"

"እንጃ። ምናልባት በሌላ ጊዜ፣ ሌላ ካምፓኒ።"

"በሌላ ጊዜ" የሚለውን ቃል አልወደድኩትም። "ሚስተር ፕራካሽ፣ ያደግነው 'አይደረስም' የተባለው ቦታ ስለደረስን ነው ብለውኝ የለ? የባቲ ገበያ እስኪያልፍ ጊዜ ይስጡኝ" አልኩት። ለምን ባቲ እንዳልኩ እኔም በደንብ አላውቅም ነበር። አባቴ ዑመር ዕድሜውን ሙሉ ከጨፋ ማሽላ እየጫነ ባቲ የሚነግድ ሰው ነው፤ በልጅነቴ መንገድ ሲዘጋ እንዴት ያደርግ እንደነበር መጠየቅ ነው መጀመሪያ የታየኝ።

ማታ እራት ላይ ጠየቅኩት። ጎርሶ ሲጨርስ ሳቀ።

"ባቲ እኮ መኪና ከመምጣቱ በፊት ነበረች፣ ሰዓድዬ። ያ ሁሉ ጨው በምን የወጣ ይመስልሻል?"

ሰኞ ጠዋት ሦስታችን፣ ፕራካሽ፣ አባቴና እኔ፣ በኮምቦልቻ ዞረን ባቲ ወረድን። ኮምቦልቻን አልፈው ሲወርዱ ነፋሱ እየሞቀ ይመጣል፤ ቁልቋሉ ይረዝማል፣ አፈሩ ይነጣል። የባቲ ገበያ ያን ቀን እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ ከደጋ ጤፍና በርበሬ፣ ከቆላ ቅቤ፣ ሰሌንና ጨው፣ መሐሉ ላይ አቧራው፣ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አፋርኛው ተደባልቆ። ፕራካሽ የግመሉ ተራ ጋ ሲደርስ ቆሞ ቀረ። ደስ አለው መሰለኝ፤ የአገሩን ነገር ያየ ሰው ይመስል ነበር።

አባቴ የሚፈልገው ሰው ሁመድ ነው፤ ብዙ ግመል ያለው፣ ጺሙ በሂና የቀላ አፋር። ተገናኝተው እጅ ለእጅ ተሳሳሙና ከአንድ ግራር ሥር ቁጭ አሉ። ፕራካሽ ወዲያው የምሰሶውን ሥዕል ከቦርሳው አወጣ።

"መንገዱን ጠይቂልኝ" አለኝ።

አባቴ የነገሩን አካሄድ ገብቶት፣ "ቆይ በይው" አለኝ። "ገና ወሬው አልተጀመረም።"

አፋሮች ዳጉ ይሉታል። ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግራል፤ ከዚያ የሌላውን ያዳምጣል፤ ጉዳይ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁመድ ዝናብ የት እንደዘነበ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደደረቀ፣ ማን እንዳገባ ተናገረ። አንድ የግመል ወተት የሞላ ዕቃ ዞረ፤ ፕራካሽ ሥጋ እንጂ ወተት የማይተው ሰው ነውና አንስቶ ጠጣ፣ ከንፈሩ ላይ አረፋ ቀረ፣ ሰዎቹም ደስ ብሏቸው ሳቁ። ሁመድ ቀጠለ። የወንድሙ ልጅ የጠፋች ግመል ሲፈልግ በድሮው የጨው መንገድ እስከ ጋራ ዲማ ትከሻ እንደወጣ፣ መንገዱ ሰው ባይሄድበትም እንዳልተበላሸ፣ ከላይ ያለው ምንጭም እንደሚፈስ አወራ።

ለፕራካሽ ተረጎምኩለት። እሱም የመጀመሪያውን ጥያቄ በእርጋታ ጠየቀ። መንገዱ ምን ያህል ይሰፋል? መታጠፊያው እንዴት ነው? ሁመድ ሥዕሉን ተቀብሎ ወደ ጎንም ወደ ላይም አዞረና የምሰሶውን እግሮች በጣቱ ነካ።

"ይሄ ረጅም ብረት በግመል አይሆንም። መታጠፊያው ላይ ግመሉን ይጥለዋል" አለ። "ሌላው ይሆናል።"

ሌላው ማለት ባትሪው፣ የመሣሪያው ሣጥን፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ሰፊ መስታወት ነው። ፕራካሽ መስታወቱን ባሰበ ቁጥር ፊቱ ይጠወልግ ነበር። ሁመድ ከጎኑ የተጠቀለለ ሰሌን አነሣና በመዳፉ መታ መታ አደረገው። እንቁላልም በዚህ ይጫናል ማለቱ ነው። በዋጋው ተስማማን። የሁመድ ፊት ግን አልተፈታም።

"አንድ ነገር አለ" አለ ለአባቴ። "ከላይ ያሉት ሰዎች ያሳልፉናል?"

ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ካቻምና በድርቁ ጊዜ የቆላ ከብት ወደ ላይ ወጥቶ የገበሬውን ማሽላ በላ፤ ገበሬዎቹም ምንጩን ዘጉ። ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ጭነት ይዞ ያለፈ የለም።

በማግሥቱ ፕራካሽና እኔ የተደረመሰው መንገድ ድረስ በፒክአፕ፣ ከዚያ በእግር ጋራ ዲማ ወጣን። የእህቴ አማት ሼህ አሊ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። "ነጋ ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?" ብለው ደህንነቴን ጠይቀው በግቢያቸው ጥላ ሥር አስቀመጡን። የማሽላ ቂጣና እርጎ ቀረበ። ዘሀራ ሆዷን ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች።

ስለ ረጅሙ ብረት ምን እንደምንል መንገድ ላይ እያሰብኩ ነው የመጣሁት። መልሱን ያገኘሁት ዘሀራ የወረደችበትን ዳገት ስወጣ ነበር።

"ሼህ አሊ፣ ዘሀራን በቃሬዛ ስታወርዷት ስንት ጊዜ ተቀያየራችሁ?"

"ማን ቆጠረው፣ ልጄ። የደከመው ይወጣል፣ ያልደከመው ይገባል።"

"ብረቱንስ እንደዚያ ብትሸከሙት? መኪናው ገደሉ ጋ ያደርሰዋል። ከዚያ ወደ ላይ።"

ሼህ አሊ ፕራካሽን አዩት፣ ከዚያ ዘሀራን። "በሽተኛ እያወረድን ትከሻችን ተልጧል" አሉ። "አንድ ጊዜ ወደ ላይ መሸከም ምን ገዶን? እንሸከማለን።"

ቀጥዬ ስለ ግመሎቹ ስነግራቸው ግን እጃቸውን ከቂጣው አነሡ።

"የማን ግመል?"

"የሁመድ።"

ማሽላው ገና የጣት ርዝመት ነበር፤ ከግቢው አጥር ባሻገር በነፋሱ ይርገፈገፋል። "እንዲህ በይው" አሉኝ በመጨረሻ። "ምንጩ ጋ ይምጣና ፊት ለፊት ይጠይቀኝ።"

ፕራካሽ ይህን ሁሉ ለአዲስ አበባ እንዴት እንደሚያስረዳ አላውቅም ነበር። ሲመለስ ግን ደወለና "ሌላ የትራንስፖርት አማራጭ አግኝተናል፤ ኃላፊነቱ የኔ ነው" ብቻ አለ። ያን ቀን ሰውየውን በጣም አከበርኩት። ካልተሳካ ከሥራው የሚሄደው እሱ ነበር።

ሁመድ የቀጠረበት ቀን ዕቃው ባቲ ድረስ በመኪና ሄዶ፣ ከዚያ በግመል ተጭኖ በቆላው በኩል ዞሮ ወጣ። ፕራካሽና አባቴ ከግመሎቹ ጋር በእግር መጡ፤ እኔ ከሼህ አሊና ከመንደሩ ወንዶች ጋር ምንጩ ጋ ቆሜ ጠበቅኩ። መጀመሪያ የእንጨት ቃጭላቸው ተሰማ። ቀጥሎ ረጃጅም አንገቶቻቸው ከቁልቋሉ በላይ ብቅ ብቅ አሉ፤ ጎንና ጎናቸው ላይ በሰሌን የተጠቀለለው የፀሐይ መስታወት እንደ ሙሽራ ዕቃ ተደርድሮ። ምንጩ ጋ ሲደርሱ ሁመድ እጁን አነሣና ሁሉም ቆሙ። የሱ ሰዎች ጠመንጃ አንግተዋል። የኛዎቹ ዱላ ይዘዋል፤ አንዳንዱም ከዱላ የበለጠ።

"ሁመድ" አሉ ሼህ አሊ። "አባትህ በዚህ መንገድ ጨው ሲያመጣ እናቴ ቤት ያድር ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ካቻምና ከብታችሁ ማሽላችንን ሲበላ የት ነበርክ?"

"ድርቅ ነበር። ልጆቻችንን ተዉ አልናቸው፣ አልሰሙንም። በሽማግሌ እንጨርሳለን ብለን ስንላላክ እናንተ ምንጩን ዘጋችሁ።"

"ዘጋን።"

ግመሎቹ ውሃው ሸቷቸው አንገታቸውን ያወዛውዛሉ። ፕራካሽ አየኝ፤ እኔም አየሁት። መሐል ላይ የገባችው ዘሀራ ናት። በዚያ ሆዷ ከምንጩ ቅል ሙሉ ውሃ ቀድታ፣ በወንዶቹ መካከል አልፋ፣ ለሁመድ ሰጠችው።

"የተጠማ ሰው ላይ ወቀሳ አይከፈትም" አለች ወደ አማቷ ሳትዞር። "ጠጣ። የጫንከው ለኔ ነው።"

ሁመድ ቅሉን በሁለት እጁ ተቀብሎ "ቢስሚላህ" ብሎ ጠጣ። ከዚያ ለኋላው ሰው አሳለፈ። ሼህ አሊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ግመሎቹ አፋቸው ይታሰር። በእርሻው ዳር በአንድ ተራ ይለፉ። የጦር መሣሪያ እዚህ ይቀመጥ፣ የእናንተም የእኛም፤ አንድ ሰው ከዚያ አንድ ሰው ከዚህ ይጠብቀው።"

ሁመድ ወደ ሰዎቹ ዞሮ በአፋርኛ ጥቂት ቃላት ተናገረ። ከመካከላቸው አንድ ወጣት እንቢ ሊል ሲጀምር ሁመድ የራሱን ጠመንጃ ከትከሻው አውርዶ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። አንድ በአንድ ተከተሉት። የኛዎቹም አስቀመጡ። ሼህ አሊ ዱዓ አደረጉ፤ "አሚን" የሚለው ከሁለቱም ወገን እኩል ወጣ። ምንጩ የተዘጋበትን እሾህ ያነሡት የመንደሩ ልጆች ናቸው፤ ግመሎቹ ጠጥተው ነው ያለፉት።

ከሰዓት በኋላ ተራራው በሁለት በኩል ተወጣ። ከምሥራቅ ግመሎቹ፣ አፋቸው ታስሮ፣ የማሽላውን ዳር ይዘው፣ አንድ ቅጠል ሳይነኩ። ከምዕራብ ብረት የተሸከሙት ወንዶች። ድምፃቸው የተሰማን ሳናያቸው ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በኦሮምኛ። ብረቱ በዳገቱ ጫፍ ብቅ ሲል ትከሻዎቹ ብቻ ናቸው የሚታዩት። ላባቸው ይንጠባጠባል፣ ግን ይስቃሉ፤ ሬሳ ወይም በሽተኛ ተሸክሞ የለመደ ሰው ብረት ሲሸከም እንዴት እንደሚቀለው ያን ቀን አየሁ። ሴቶቹ እንደ ልማዳችን ጌሾ የሌለበት፣ የማያሰክር ሻሜታ ይዘው ጠበቁ። ፕራካሽ የመጀመሪያውን ሰሌን ራሱ ፈታ። መስታወቱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሌላውን ፈታ፤ ሁሉም ደህና ነው። ድምፁን ከፍ የማያደርገው ሰው "ያ!" ብሎ ጮኸና ሁመድን አቀፈው።

በሚቀጥሉት ቀናት ከአዲስ አበባ የመጡት ምሰሶ የሚተክሉ ሠራተኞች ብረቱን ቁራጭ በቁራጭ እየገጣጠሙ ሰማይ አስነኩት። ከአዲስ አበባ ሌላም ነገር መጣ፤ የሒሳብ ክፍሉ ጥያቄ። በትራንስፖርት ቅጹ ላይ የተሽከርካሪው የሰሌዳ ቁጥር አልተሞላም አሉኝ። ግመል ነው ብላቸው ባዶ ቦታ አይቀርም አሉ። እኔም የሁመድ ግመሎች አንገት ላይ ያለውን የጎሳ ምልክት በእስክሪብቶ ስዬ ላክሁላቸው። ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ግን ፀድቆ ተመለሰ።

ምሰሶው ሥራ የጀመረ ቀን ሰማዩ ከብዶ ነበር፤ ክረምቱ ደጅ ደርሷል። ፕራካሽ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየና ቀና አለ። ስልኩን ሰጠኝ። እኔ ደግሞ ለዘሀራ ሰጠኋት። እናቴ ጋ ደወለች።

"ሃሎ?"

"እማ፣ ዘሀራ ነኝ።"

"ዘሀራ! መቼ ገባሽ? በዚህ ሆድሽ ማን አመጣሽ?"

"አልመጣሁም፣ እማ። ቤቴ ነኝ። ጋራ ዲማ ነኝ።"

በድምፅ ማጉያው ሁላችንም እንሰማለን። "ከዚያ ሆነሽ ነው የምታወሪኝ?" አለች ቀስ ብላ።

"ከዚህ ሆኜ ነው።"

እናቴ ከሚሴ ላይ ያሰማችው እልልታ ተራራው ላይ ተሰማ፤ የመንደሩ ሴቶችም ተቀበሏት፤ ያ እልልታ ሲመላለስ ቆየ። ከዚያ ሼህ አሊ ደወሉ። ሁመድም ተራው ሲደርሰው ባቲ የሚያውቀውን ነጋዴ አስደውሎ የጨው ዋጋ ጠየቀ። እንዲህ እየጮኸ ሲያወራ ፕራካሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "እሱስ ያለ ስልክም ባቲ ይሰማ ነበር" አለኝ። ሳቅን፤ ዝናቡም መጣ። ማንም ወደ ጥላ አልሮጠም።

ክረምቱ መሐል ላይ ዘሀራን ምጥ ያዛት። ሼህ አሊ ደወሉ፤ የጤና ጣቢያው መኪና መንገዱ የተደረመሰበት ጋ ወጥቶ ጠበቃት። ሴት ልጅ ከሚሴ ላይ በሰላም ወለደች።

ካምፓኒውም በዚያው ዓመት የቀጣዩን ዙር ሥራ አሸነፈ። አዲስ አበባ ያሉት አለቆች ጋራ ዲማን ሊያዩ መጡ፤ ሱፍ ለብሰው ዳገቱን ወጡ፤ ከሁመድ ጋር ፎቶ ተነሡ። ከዚያ በኋላ መኪና የማይወጣባቸው ሌሎች ተራሮችም በግመልና በሰው ትከሻ ምሰሶ ተተከለባቸው፤ በሌሎች አገሮችም ጭምር እንደሞከሩት ሰምቻለሁ። የከሚሴዋ አንዲት ክፍል የሐጂን ቤት ሙሉውን ያዘች፤ ቀጥሎ ፎቁን። ማንጎ ሻጮቹ ካርድ ሻጮች ሆኑ። እኔ የሰሜኑ ቀጠና የትራንስፖርት ኃላፊ ሆንኩ፤ ፕራካሽ ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ሲሄድ እናቴ ሽሮ በከረጢት አስያዘችው።

ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ የራሴ አነስተኛ የጭነት ድርጅት አለኝ። ካምፓኒ ያደገው በምን እንደሆነ ብዙ ሰው ብዙ ይላል፤ በገንዘብ፣ በቴክኖሎጂ፣ በአመራር። ይህም እውነት ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ ሳመላልስ አንድ ነገር ተረድቻለሁ፤ መንገድ በሚያልቅበት ቦታ ሁሉ ሰው ይኖራል፣ ያ ሰውም ሲወጣና ሲገባ የሚሄድበት አለው። ትልቅ የሆነ ሥራ ሁሉ ያን ሰው ቁጭ ብሎ ካዳመጠ በኋላ ነው ትልቅ የሆነው።

ለሥራ የሚያመለክቱ ወጣቶች ሲመጡ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነው። "መኪና የማይደርስበት ቦታ ዕቃ አድርሱ ብትባሉ መጀመሪያ ማንን ትጠይቃላችሁ?" ብዙዎቹ አለቃቸውን ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ካርታ እናያለን ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ከአርጡማ የመጣች አንዲት ልጅ ብዙም ሳታስብ፣ "እዚያ የሚኖረውን ሰው ነዋ!" አለችኝ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይነት።

ሌላ ጥያቄ አልጨመርኩባትም። ነገ ጠዋት ሥራ ትጀምራለች።